የክትና የዘወትር ታይት

ጥር 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። ነው ወይስ 18? ቅዳሜ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ሮዳስ ቢሮ አልገባችም ነበርና። በመካከል ያለው ቅዳሜ ጥምቀት ስለሆነ እሱ ሊሆን አይችልም፤ መንገዱ በሰው ተሞልቶ ገበያ መውጣት አይታሰብም። 18 ነው እንዳልል ያኔ የጋብቻ ማስታወቂያዋ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁለት ጊዜ ተነቦ ነበር። ሁለት ጊዜ ከተነበበ በኋላ ደግሞ ሮዳስ እንደዚያ ቀን ከልቧ ስትስቅ አላየኋትም። ስለዚህ 4 ነው። 4 መሆን አለበት።

የዚያን ቀን እኔና እሷ፣ ሁለት ሴቶች፣ ታይት ልንገዛ ወጣን።

ሮዳስ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርቷት ነበር። ከሺንሺቾ አቅራቢያ ካለ ገጠር ለዘጠነኛ ክፍል ሆሳዕና ስትመጣ አማርኛ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ቤቷ የሚነገረው ከምባትኛ ስለነበር ድርሰት ስትጽፍ ግሱ ላይ ስትደርስ እርሳሷን ነክሳ ትቆም ነበር። ተመርቃ በዞኑ ካሉ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ መዝገብ ቤት ስትቀጠር፣ እኔ ግቢ ካሉት የሰርቪስ ክፍሎች አንዱን ተከራየች። ሰባት ዓመት ኖረችበት። እሑድ እሑድ ከመዘምራን ጋር ትዘምራለች፤ በሌላው ቀን ልብስ ስታጥብ ያንኑ መዝሙር ታንጎራጉራለች። እኔም መስኮቴን ገርበብ አድርጌ እሰማታለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት የተሳፈረችበት ባጃጅ ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ ወገቧን ጎድቷት ነበር። ሐኪሙ መርፌም ክኒንም ከሞከረ በኋላ "መድኃኒትሽ እንቅስቃሴ ነው፤ ከሠርግሽ በፊት ጀምሪ" አላት። ከዋናው መንገድ ዳር ፎቅ ላይ ያለ አንድ ጂም በሳምንት ሦስት ቀን ማለዳ ለሴቶች ብቻ ይከፍታል። ሰውነት የሚስበውን፣ የሚያጣጥፈውን እንቅስቃሴ አሠልጣኟ ዮጋ ትለዋለች። ሮዳስ ግን ያ ቃል የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጆሮ እንዳይገባ "የወገብ ስፖርት" ነበር የምትለው።

የሳሊሃ ሱቅ ከገበያው ወረድ ብሎ ነው። ወንድሟ ከዱባይ የሚልክላትን የሴት ልብስ ትሸጣለች። ገና በሩን ስናልፍ ጮኸች።

"ሙሽራዬ! ቲቸርን ይዘሽ የመጣሽው ዋጋ ልታስቀንሺኝ ነው አይደል?"

"ልመርቅሽ ነው የመጣሁት" አልኳት።

"ምርቃትዎን ከከፈላችሁ በኋላ ያድርጉት፤ ያኔ ከልብ ይሆናል።"

ሮዳስ ሳቀች። ለስፖርትም፣ ከቀሚስ ሥር ለሥራም የሚሆን ታይት እንደምትፈልግ ነገረቻት። ሳሊሃ ከመደርደሪያው ሁለት አወረደች፤ አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ግራጫ። ጥቁሩን ይዛ ወደ በሩ ብርሃን ወጣችና ሂና የተቀባ እጇን እስከ ክርኗ ከውስጥ ከተተችው። ከዚያ ጨርቁን በሌላው እጇ ወጠረችው።

"ሂናዬ ታየሽ?"

"አልታየኝም" አለች ሮዳስ።

"አይታይሽም። ብትቀመጪ፣ ብትነሺ፣ ብታጎነብሺ፣ ብትገለበጪ አይታይሽም። ወገቡ ሰፊ ነው፣ አይወርድም። ላብ ይመጣል፣ ላብ ይሄዳል። ይሄ ኦርጅናል ነው፤ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ።"

ግራጫውንም እንደዚያው ወጠረችው። "ይሄስ?"

"ትንሽ ትንሽ..."

"ትንሽ አትበይ! ጣቶቼን ቁጠሪያቸው። ይሄ ስድስት መቶ ነው፤ ከቀሚስ ሥር ለብርድ፣ ለባጃጅ ንፋስ ይሆንሻል። ሰው ፊት አጎንብሰሽበት እንዳትገኚ ብቻ።"

ሮዳስ ሁለቱን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ። ጥቁሩን ትዳስሰዋለች፤ እንደ ቄጤማ ለስላሳ ነበር። ያን ጊዜ እኔ የተናገርኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ብረሳው በወደድኩ።

"ሁለቱንም ውሰጂ። ጥቁሩን ግን በላብ አትጨርሺው፤ ለክት አድርጊው። ቤተ ክርስቲያንም ስትሄጂ፣ እጮኛሽ ማቴዎስ ሲመጣም ከቀሚስሽ ሥር ያምርብሻል። ስፖርቱን በግራጫው ሥሪ፤ ሴቶች ብቻ ያሉበት አይደል?"

ሳሊሃ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "ወይ ቲቸር! ጥቁሩ እኮ ለላብ ነው የተሠራው። እናንተ ሰዎች አዲስ ፍራሽ ብትገዙ ላስቲኩን ሳትልጡ ነው የምትተኙት!"

ሦስታችንም ሳቅን፤ እውነቷን ነበርና። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ እናቴ የገዛችልኝን ሰማያዊ ሹራብ ለክት ብዬ አራት ዓመት ሻንጣ ውስጥ አኑሬው ብል በልቶታል። አራት ክረምት አዲስ አበባ ላይ በርዶኝ፣ ሹራቡ አልጋዬ ሥር ነበር። ይህን እያወቅሁ ነው ያን ምክር የሰጠሁት። ሮዳስም እሺ አለችኝ፤ የአስተማሪዋን ቃል አልመለሰችም።

በማግስቱ እሑድ ማስታወቂያዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነበበ። በእነሱ ቤተ ክርስቲያን የሚጋቡ ሰዎች ስም ሦስት ተከታታይ እሑድ በጉባኤ ፊት ይነበባል፤ "ተቃውሞ ያለው ለሽማግሌዎች ያቅርብ" ይባላል። ሦስተኛው እሑድ ያለ ተቃውሞ ካለፈ ጋብቻው ይፈጸማል። ተቃውሞ ከተገኘ ሠርጉ ለስድስት ወር ይተላለፋል፤ ዘማሪ ከሆነች ከአገልግሎት ትታገዳለች። ለሮዳስ ስድስት ወር ማለት ስድስት ወር አልነበረም። ማቴዎስ ሺንሺቾ የሚያስተምር፣ ረጋ ያለ፣ ጥሩ ልጅ ነው። አባቱ ግን ወንጌላዊ ናቸው፤ ለልጃቸው ሌላ ሴት አስበው ነበር። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ በግድ ነው እሺ ያሉት። አንዴ የሚተላለፍ ሠርግ እሳቸው ዘንድ የቀረ ሠርግ ነው።

ሰኞ ጂም ጀመረች። በግራጫው። ጥቁሩን እሑድ ከቀሚሷ ሥር ለብሳው ነበር፤ ማቴዎስ ከሺንሺቾ መጥቶ አብረው በባጃጅ ሄዱ።

ሐሙስ ይመስለኛል፣ በምሳ ሰዓት የግቢው በር በኃይል ተከፈተ። ሮዳስ ጫማዋን ሳታወልቅ ሳሎኔ ገባች። ስልኳን ዘረጋችልኝ፤ ከእጇ ወስጄ አየሁት።

የጂሙ ባለቤት ለማስታወቂያ ብሎ ሴቶቹን ከበስተጀርባ ቀርጿቸዋል። ፊት አይታይም። ሰባት ስምንት ሴቶች እጃቸውን ወደ መሬት ዘርግተው አጎንብሰዋል። የማለዳ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ በአንዷ ላይ አርፋለች። ግራጫ ታይት። ጨርቁ ተወጥሮ የለም ማለት ይቻላል። አንድ ሰው ያቺን ክፍል ብቻ ቆርጦ በቴሌግራም ለቆታል።

"ማን አሳየሽ?"

"ረሂማ። ቢሮ።" አብራት መዝገብ ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። "'እዪማ፣ ይቺ ደግሞ ምን ነክቷት ነው በወንፊት ስፖርት የምትሠራው?' ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ቲቸር፣ አብሬያት ሳቅሁ።"

"ፊትሽ የለም። ማንም አያውቅሽም።"

"እርስዎ አላወቁኝም?"

በቪዲዮው መጨረሻ ያቺ ሴት ቀና ስትል ወገቧን በግራ እጇ ትይዛለች። ሰባት ዓመት ግቢዬ ውስጥ ውኃ የሞላ ጀሪካን ስታነሳ ያየኋትን እንዴት አላውቃት።

በዚያው ከሰዓት ግራጫውን በመቀስ ቆራርጣ መጸዳጃ ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ጣለችው። ከዚያ በኋላ ያለችውን ሮዳስ ለመግለጽ ይቸግረኛል። መዝሙሯ ቀረ። ስልክ በጮኸ ቁጥር፣ የሌላ ሰውም ቢሆን፣ ትከሻዋ ይነሣል። በመንገድ ላይ ሁለት ወጣቶች አንድ ስልክ ላይ አጎንብሰው ካየች መንገድ ትሻገራለች። አንድ ቀን ባጃጅ ነጂው በመስታወቱ አይቷት "እህቴ፣ ዛሬ ስፖርት ቀረ እንዴ?" አላት። ማለዳ ጂም ያደረሳት ሰው ነበር፤ ሌላ ነገር ያሰበ አይመስለኝም። እሷ ግን "ወራጅ!" ብላ መሀል መንገድ ወርዳ ቀሪውን በእግሯ ሄደች። ጂሙን ስለተወች ወገቧ እንደገና ያዛት፤ እያነከሰች ስትራመድ ደግሞ ሰው ወገቧን እንዳያይባት ቀጥ ለማለት ትታገላለች።

"ለማቴዎስ ንገሪው" አልኳት።

"ነግሬው ለአባቱ ቢነግርስ?"

"አይነግርም።"

"ዋሽቶ አያውቅም እኮ ቲቸር። አባቱ ከጠየቁት ይነግራል። የወደድኩትም በዚህ ነው፤ የምፈራውም በዚህ ነው።"

ሁለተኛው እሑድ ተነበበ። ማንም አልተናገረም። ሮዳስ ግን አልተጽናናችም። መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ነገር የሚያስበው በወረቀት ነው። "ሰው ጉባኤ መሀል አይነሣም" አለችኝ። "ይጽፋል። በሳምንቱ መሀል ይጽፋል።"

እንዳለችውም ሆነ። ዓርብ ጥር 17 የቤተ ክርስቲያኗ ጸሐፊ ደወለላት፦ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽማግሌዎች ይፈልጉሻል፣ ማቴዎስም ተጠርቷል፣ ከቤተሰብ አንድ ሰው ይዘሽ ነይ። እናትና አባቷ ሩቅ ስለሆኑ እኔ ሄድኩ። በመንገድ ላይ ክንዴን ይዛኝ ነበር፤ ስንደርስ ስትለቀኝ የጣቶቿ ምልክት ክንዴ ላይ ቀርቶ ነበር።

የሽማግሌዎች ቢሮ ጠባብ ናት፤ ጠረጴዛ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር። ሰብሳቢው አቶ ሄራሞ ቀጭን፣ ነጭ ጢም ያላቸው እርሻ ያቆሙ ገበሬ ናቸው። አጠገባቸው ወፈር ያሉ ሌላ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ማቴዎስ ቀድሞን ደርሷል፤ ጫማው ላይ የመንገድ አቧራ አለ። ለምን እንደተጠራ ፈጽሞ አያውቅም ነበር፤ ሮዳስን ሲያይ ፈገግ አለ።

አቶ ሄራሞ መነጽራቸውን አድርገው አንድ የታጠፈ ወረቀት ዘረጉ።

"ደብዳቤ ደርሶናል። ስም የለውም። ስም የሌለውን ብንጥለው ደስ ባለኝ። ግን 'ተቃውሞ ያለው ያቅርብ' ብለን ያነበብነው እኛ ነን። ቀርቦ ዝም ካልን ለምን እናነባለን?" ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "በስልክ የሚዞር ቪዲዮ አለ ይላል። በስፖርት ቤት ግራጫ ታይት ለብሳ ገላዋን ያሳየችው እህት ሮዳስ ናት ይላል።"

ሮዳስን አላየኋትም። ማየት አልቻልኩም። ትንፋሿን ግን እሰማ ነበር፤ ሊያልቅ እንደ ደረሰ የቧንቧ ውኃ እየተቆራረጠ ይመጣል።

"ቪዲዮውን አይተውታል?" አለ ማቴዎስ።

"ልጆቹ ሊያሳዩኝ ነበር። እንቢ አልኩ። ማንም ትሁን፣ የሰው ልጅ ናት፤ እኔ ደግሜ ላራቁታት?"

"ግራጫ ነው ያለው?"

"ግራጫ ይላል።"

የማቴዎስ ፊት በራ። "እንግዲያው እሷ አይደለችም። ሮዳስ ያላት ጥቁር ነው።"

ወፍራሙ ሽማግሌ ቀስ ብለው ወደ ፊት ተጠጉ። "ቆይ እስቲ ልጄ። ገና ማስታወቂያህ ተነቦ ያላለቀ ሰውዬ፣ የታይቷን ቀለም ከየት አወቅህ?"

ማቴዎስ እስከ ጆሮው ቀላ። "ባጃጅ... ባጃጅ ስትሳፈር ቀሚሷን ንፋስ... ትንሽ፣ ቁርጭምጭሚቷ ጋ..."

ሽማግሌው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አቶ ሄራሞም ጢማቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። "ንፋስ ይመስክርልህ!" አሉት ሽማግሌው፤ ማቴዎስም ሳቀ። ሦስት ወንዶች ሲስቁ እኛ ሁለት ሴቶች በድን ሆነን ተቀምጠን ነበር። የክት ያልኩት ጥቁሩ ለሰው ታይቷል፤ ማቴዎስ የሚያውቀው እሱን ብቻ ነው። በእግዚአብሔር ቤት፣ በሽማግሌ ፊት፣ ዋሽቶ የማያውቀው ልጅ እውነት የመሰለውን መስክሮላት ነበር።

አቶ ሄራሞ ሳቃቸውን ገቱ። "ሮዳስ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ? ከአንቺ አፍ እንስማው።"

ሮዳስ አፏን ከፈተች።

ምን ልትል እንደነበር አላውቅም። እኔ ቀደምኩ። "ስትገዛ አብሬያት ነበርኩ፣ አቶ ሄራሞ" አልኩ። "ከሳሊሃ ሱቅ ነው። ጥቁር ነው የገዛችው። ሳሊሃን መጠየቅ ይቻላል።"

ያልኩት ሁሉ እውነት ነው። ለሠላሳ ዓመት ልጆችን ዓረፍተ ነገር ሳስተምር ኖሬ፣ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ምን ያህል ሊዋሽ እንደሚችል የዚያን ቀን ተማርኩ።

"ቲቸር ካሉ በቃ" አሉ አቶ ሄራሞ። ጸለዩልን። ወረቀቱን አጥፈው የጠረጴዛውን መሳቢያ ከፍተው ከተቱት። ሁላችንም ስንነሣ ሮዳስ መሳቢያውን ታይ ነበር።

ማቴዎስ የሺንሺቾ መኪና እንዳያመልጠው ቸኩሎ ሄደ። ሁለታችን ብቻችንን ስንቀር ጠበቅሁ፤ ታለቅሳለች፣ ወይም ታቅፈኛለች ብዬ።

"ቲቸር፣ ለምን መለሱልኝ?"

"ምን ልትይ ነበር ታዲያ?"

ጥቂት ከተራመድን በኋላ "ወረቀቱን አልቀደዱትም" አለች። "መሳቢያ የገባ ወረቀት አይጠፋም። እኛ ቢሮ የአርባ ዓመት ስም የለሽ ደብዳቤ አለ፤ አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ ይፈልገዋል።" ከዚያ ቆመች። "እስከ ዛሬ የፈራሁት የማላውቀውን ሰው ነበር። ከእንግዲህ የምፈራው ማቴዎስን ነው። ስለ እኔ ሽማግሌ ፊት መስክሯል እኮ። አንድ ቀን ቢያውቅ የምታፍረው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ውሸታም ያደረግነው እሱን ነው።"

"ትነግሪዋለሽ። ከሠርጉ በኋላ፣ ረጋ ስትሉ።"

"እርስዎ ደግሞ ሁልጊዜ ደህናውን ነገር ለኋላ ያስቀምጣሉ" አለችኝ። በቁጣ አይደለም የተናገረችው። በቁጣ ብትናገረው ይሻለኝ ነበር።

ሦስተኛው እሑድ ማስታወቂያው ሲነበብ ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። "ተቃውሞ ያለው" ከተባለ በኋላ ያለው ዝምታ ከሁለቱ እሑዶች ሁሉ ረዘመብኝ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ የሮዳስ አንገት ከመዘምራኑ መሀል ሲደነድን ከዚያ ሆኜ አየሁት። ምንም አልተባለም። ጥር 25 ቅዳሜ ተጋቡ። የማቴዎስ አባት በሠርጉ ላይ በረጅሙ ጸለዩ፤ "በብርሃን ተመላልሰው የተገናኙ ልጆች" አሉ። ሮዳስ ዓይኗን አልጨፈነችም። ነጭ ጓንት ያጠለቀ እጇ የማቴዎስን እጅ አጥብቆ ይዞ ነበር፤ ከሩቅ ለሚያይ ፍቅር ይመስላል። ፍቅርም ነበረበት።

ሺንሺቾ ሄደች። ዝውውር ስላልተሳካላት ሥራዋን ለቀቀች። መጀመሪያ ላይ ስደውልላት ታነሣ ነበር፤ ማቴዎስ አጠገቧ እንዳለ ከድምፅዋ አውቃለሁ፤ ስለ ዝናብና ስለ ኑሮ ውድነት እናወራለን። በኋላ መደወሉን እኔው ተውኩት። በልብስ ማጠቢያው ድንጋይ አዲሷ ተከራይ ትጠቀማለች፤ እሷ በስልኳ ዘፈን ከፍታ ነው የምታጥበው። ሳሊሃ አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቁማኝ "ሙሽራችን ጥቁሩን ወደደችው?" ስትለኝ "በጣም" ብያት አለፍኩ።

ሰኔ ወር ላይ አዲሎ ከተማ ለለቅሶ ሄድኩ። ስመለስ ከመኪና መቆሚያው ዳር ዝናብ ለማሳለፍ አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። ከመቆሚያ አኳኋኗ አወቅኋት፤ ትከሻዋን ነካሁት። ከአገጯ እስከ ጉልበቷ ተንዘፈዘፈች፤ የያዘችው ፌስታል ወድቆ ቲማቲሙ በረንዳው ላይ ተንከባለለ።

"ቲቸር! በኢየሱስ ስም!"

"ምን አስደነገጠሽ ልጄ?"

"ምንም። ልማድ ሆኖብኝ ነው።" አብረን ቲማቲሙን ለቀምን። ፊቷ ቀጥኗል፤ ሆዷ ግን ገፍቷል። አምስት ወር ይሆናታል። መረቅኳት፤ አሜን አለች።

"ማቴዎስ ደህና ነው?"

"ደህና ነው። ቸር ነው። በጣም ቸር ነው።" ይህን ስትል ጎዳናውን ታይ ነበር። "ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤቱ ሰዎች ስለ አንድ ነገር ሲከራከሩ፣ 'እኔ ያላየሁትን አልመሰክርም' አላቸው። ቤት መጥቶ እየሳቀ ነገረኝ።"

"አንቺስ ምን አልሽው?"

ስልኳ ጮኸ። ስሙን አየች፤ አላነሣችውም። እስኪያበቃ ድረስ ሁለታችንም ስልኩን እናይ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ዓይኗ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር። ያረፈ ሰው ዓይን ነው ልበል፣ ወይስ ማረፍን የተወ ሰው? ነግራው ይሆን? ነግራው ነው ይህ ሁሉ ቸርነት? ወይስ አሁንም ይዛው ትኖራለች? አምስት ወር ሙሉ ተሸክሜው የዞርኩትን ጥያቄ በምን ቃል እንደምጀምረው እያሰብኩ እጇን ያዝኩ።

"ሮዳስ፣ ያን ነገር..."

"ሺንሺቾ! ሺንሺቾ! አንድ ሰው የቀረው!" ረዳቱ በሩን እየደበደበ ሚኒባሱ ከበረንዳው ፊት ቆመ።

"ይቅርታ ቲቸር፣ ይሄ ካመለጠኝ ሌላ የለም።" ጉንጬን ሦስት ጊዜ ሳመችኝ፤ ጉንጯ ቀዝቃዛ ነበር። ፌስታሏን አቅፋ በዝናቡ ውስጥ እየሮጠች ገባች። ረዳቱ ከኋላ ወንበር አሳለፋት፣ በሩን ሳበው። ወደ መስኮቱ ተጠግቼ በመዳፌ መስታወቱን ጠረግሁት፤ ጭጋጉ ግን ከውስጥ በኩል ነበር። ሚኒባሱ ተነሣ።